አየሁት ያልኩት ጠመንጃ

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀን እርሻ ውዬ ማታ ማታ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንጋደድ ችላችሁ አንብቡኝ። አብሮኝ የሚኖር የደሴ ልጅ “እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ በስልኬ ልጻፍልዎት” ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። አንድ ጊዜ በአፌ ያበላሸሁትን ነገር በገዛ እጄ ልጻፈው ብዬ ነው።

ስሜ ሙሐመድ ነው፤ ሰው ሙሄ ይለኛል። የተሁለደሬ ሰው ነኝ። ኤምሬትስ ስገባ ጸጉሬ ጥቁር ነበር። መጀመሪያ ዱባይ፣ አል ጋርሁድ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ የጭነት መጋዘን ጠበቅሁ። ኋላ ሻርጃ ውስጥ የጠመንጃ ሱቅ በር ላይ ቆምኩ፤ እዚያው አሥራ አንድ ዓመት ቆየሁ።

የጠመንጃ ሱቅ ስል የሚደነግጥ ሰው አለ። ሽፍታ የሚገዛበት ቤት አይደለም። ፈቃድ ያለው የአገሬው ሰው ለአደንና ለዒላማ የሚገዛበት፣ ድንኳንም የጭልፊት ዐይን መሸፈኛ ቆብም የሚሸጥበት፣ እንደ መድኃኒት ቤት የጸዳ ቤት ነው።

የዚያ ቤት ሕግ አንድ ነበር፤ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ከደጃፉ አያልፍም። መስታወቱ ላይ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እኔ ሁለቱንም አላነብም፤ ግን ከሚያነቡት ሰዎች ይልቅ አውቀዋለሁ። ከበሩ ውጭ፣ ከጥላው ሥር፣ አሸዋ የሞላ በርሜል ቆሟል። ሊያስጠግንም ይሁን ሊያሳይ መሣሪያ ይዞ የመጣ ሰው እዚያ ይቆማል፣ አፈሙዙን ወደ አሸዋው ይደፋል፣ ራሱ ይከፍተዋል። እኔ ጎንበስ ብዬ የመሣሪያውን ሆድ፣ ጥይት የሚጎርስበትን፣ አያለሁ። ማየት ብቻ አይበቃም፤ ትንሿን ጣቴን አስገብቼ እዳብሳለሁ። ከዚያ “ተፈደል” እለዋለሁ፣ ይገባል። አልከፈት ያለ እንደሆነ መሣሪያው እዚያው ይቆማል፤ ጠጋኙ ነው ወደ እሱ የሚወጣው። ሕጉ ለሼኽም ለፖሊስም ያው ነው።

እኔ ደግሞ በሕጉ ደረቅ ነበርኩ። አንድ ቀን ወገቡ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ጎረምሳ የፖሊስ አለቃ፣ የደንብ ልብስ ሳይለብስ መጣ። አቆምኩት። እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ አለኝ። አላውቅም፣ ሽጉጡን ግን አውቀዋለሁ አልኩት። እየተሳደበ ሙዲሩን፣ ማለት የሱቁን ኃላፊ፣ አስጠራ። ሙዲሩ መጥቶ “ሽማግሌው ያለህን አድርግ” አለው። አለቃው በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሎ ጥይቱን ሲያወጣ ዐይኔን ከጣቱ አላነሳሁም። ያን ዕለት ከራሴ ጋር የተዋደድኩትን ያህል ተዋድጄ አላውቅም።

ጣትህን አስገባ ብሎ ያስተማረኝ ጉል ኻን ነው። የሱቁ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር፤ የፓኪስታን ሰው፣ ከፔሻዋር ወገን። አባቱም አያቱም ብረት ቀጥቅጠው የኖሩ ናቸው። ከሱቁ በስተኋላ በመስታወት የተከለለች ክፍል አለችው፤ የሥራ ጠረጴዛው ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሲሠራ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነው። አጅማን፣ አል ራሺዲያ፣ ስድስት ሆነን በተከራየናት ክፍል ውስጥ እኔ የታችኛው አልጋ ላይ እተኛለሁ፣ እሱ የላይኛው ላይ። ጠዋት በአንድ አውቶቡስ እንሄዳለን፣ በአንድ አውቶቡስ እንመለሳለን። “ቻቻ” ይለኛል፤ በእነሱ ቋንቋ አጎቴ ማለት ነው። የምንነጋገረው በተሰባበረ አረብኛ ነው። አረብኛው አንቱ የለውም፤ እኔ ግን ቻቻ ባለኝ ቁጥር አንቱ እንዳለኝ አድርጌ እሰማዋለሁ።

በአንድ ነገር ብቻ እንጣላ ነበር። አገሬ እያለሁ እንግዳ ጠመንጃውን ይዞ ሲመጣ አባቴ ከደጅ ወጥቶ ይቀበለውና ምሰሶው ላይ ይሰቅልለታል። ከፍቶ ሲያይ አላየሁም። ከፍቶ ቢያይ ሰውዬው ዳግመኛ ቤታችንን አይረግጥም፤ “ልትገድለኝ መጣህ ወይ” እንደማለት ነው። ይህን ለጉል ኻን ነግሬው፣ የጎረምሳውን ጠመንጃ እሺ፣ የሽበታሙን ሰው ጠመንጃ ማስከፈት ግን ነውር ነው አልኩት።

ሞረዱን አስቀምጦ ዞረና “ቻቻ፣ አባትህ ተቀብሎ ይሰቅለዋል። እኔ ተቀብዬ እፈታዋለሁ” አለኝ።

አላመንኩም ግን። ግትር ነኝ፣ እናቴም ትለኝ ነበር።

ቤት ስንገባ ደግሞ ይቀልድብኛል። ምስር ወጥ ሠርቼ ሳቀርብ ለክፍሉ ሰዎች “ቆይ፣ ቻቻ ጣቱን አስገብቶ አይቶት ይሆን?” ይላቸዋል። ሁሉም ይስቃሉ። እኔ እቆጣለሁ። ሲስቁ ደስ ይለኝ እንደነበር ያወቅሁት አሁን ነው።

ሐሙስ ነበር፤ ነሐሴ። የሻርጃን የነሐሴ ቀትር ያላየ ሰው ሙቀት አያውቅም፤ የበሩ እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም። ከዙህር ሶላት በፊት አንድ መኪና ቆመና አቡ ራሺድ ወረዱ። አቡ ራሺድ የምወዳቸው የአገሬው ሽማግሌ ናቸው፤ በእኔ ግምት ሰማንያን ያለፉ። ስንት ዓመት ሙሉ ለጭልፊቶቻቸው ቆብ ሲገዙ አንድም ቀን ሰላም ሳይሉኝ አላለፉም። የአገሬን ዝናብ ይጠይቁኛል። በተምር ወራት ከጓሯቸው የተለቀመ ተምር በጉያቸው ይዘው ይመጡልኛል። በዚያ አገር ሰው የዘበኛን ፊት አያይም፤ እሳቸው ያዩ ነበር።

ያን ቀን በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው በአንሶላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘዋል። የአባቴ ጠመንጃ ነው አሉኝ። ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ኖሯል፤ አሁን የእንግዳ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው፣ ጉል ኻን ዝገቱን አጽድቶ ያሳምርልኝ አሉ። ልሰቅለው ነው ሲሉኝ የአባቴ ምሰሶ ዐይኔ ላይ መጣ።

በርሜሉ ዘንድ ወሰድኳቸው። አንሶላውን ፈቱት። ጥንታዊ ጠመንጃ ነው፣ ሰደፉ የተሰነጠቀ። አፈሙዙን አሸዋው ላይ ደፍተው የኋላውን መክፈቻ ሊስቡ ሞከሩ። አልከፈት አላቸው። ደግመው ሞከሩ። ከዘራቸው ወደቀ። ከኋላቸው ሁለት ጎረምሶች መሣሪያቸውን ይዘው ተራ እየጠበቁ ነበር፤ አንደኛው ሰዓቱን አየ። የአቡ ራሺድ ላብ በጉንጫቸው ወርዶ ጺማቸው ውስጥ ገባ፤ ዐይናቸውም ራሰ፤ ላብ ይሁን ሌላ አላውቅም።

ከዘራቸውን አንስቼ ሰጠኋቸው። ያኔ እጄን ያዙኝ።

“ባዶ ነው፣ ሙሐመድ። ዋላሂል አዚም ባዶ ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ጥይት አላየም” አሉኝ።

እኔ ሙስሊም ነኝ። አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በአላህ ስም ምሎልኝ፣ እጄን ይዞኝ፣ “አይ፣ ልየው” ማለት በእኔ አስተዳደግ ፊቱ ላይ እንደመትፋት ነው። ጉል ኻንን ልጥራው ብልስ? ያው ነው፤ መሐላዎ አልበቃኝም ማለት ነው። ደግሞ ጉል ኻን ጉልበቱን ያመዋል፤ በዚያ እሳት ለምን ላውጣው አልኩ። ሰበብ ለሚፈልግ ሰው ሰበብ አይጠፋም። አንሶላውን መልሼ ጠቀለልኩት፣ እሳቸውን በክንዳቸው ደግፌ አስገባኋቸው፣ ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ውሃ ሰጠኋቸው። ጠመንጃውን ራሴ ተሸክሜ ወደ ኋላዋ ክፍል ገባሁ።

ጉል ኻን እንደልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ ይሠራል። የእግሬን ድምፅ ያውቃል፤ አልዞረም።

“ቻቻ፣ አየኸው?”

“አየሁት” አልኩ።

ይህችን ቃል ነው የምነግራችሁ። ከአፌ ስትወጣ አልከበደችኝም። የተማለበት ጠመንጃ እንደታየ ይቆጠራል ብዬ ነው ያልኩት፤ ልቤ ውስጥ ውሸት አልመሰለችኝም።

ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ባለው ማሰሪያ ብረት አጣብቆ መክፈቻውን ሳበው። እምቢ አለው። ዘይት ጠብ ጠብ አደረገበት፣ ጠበቀ፣ ሳበው፤ እምቢ። ያኔ ዞሮ አየኝ። “ይህ እንዲህ ጠብቆ እንዴት ከፈታችሁት?” አለኝ።

እዚህ ላይ አላህ ሁለተኛ በር ከፍቶልኝ ነበር። “አልከፈትነውም፣ ሽማግሌው ምለውልኝ ነው” ብል ከዚህ በላይ የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር። ይሰድበኝና ጠመንጃውን ተሸክሞ ወደ በርሜሉ ይወጣ ነበር፤ ማታ ክፍላችን ውስጥ ሲቀልድብኝ ያመሽ ነበር። እኔ ግን አፈርኩ። አሥራ አንድ ዓመት በሕግ የደረቅሁት ሙሄ አላየሁም ልበል?

“ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው የከፈቱት። ሲዘጋ ነው ነክሶ የቀረው” አልኩት።

“የድሮ ብረት” አለና ራሱን ነቀነቀ።

እኔ ወደ በሩ ልመለስ ዞርኩ፤ ያደረገውን በመስታወቱ አየሁት። ያልታየ መሣሪያ ቢሆን ጉል ኻን አፈሙዙ ፊት አይቆምም ነበር፤ ባዶ ነው ቢሉትም ከጎን ነበር የሚሠራው። የታየ ነው ብሎ ግን ማሰሪያውን ሊያላላ ወደ አፈሙዙ በኩል ዞረ፣ በግራ እጁ አፈሙዙን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ፣ በቀኙ በእንጨት መዶሻ መክፈቻውን መታው። አንድ ጊዜ መታው፣ ሁለተኛ መታው። በመስታወት ክፍል ውስጥ የሚጮህ ጥይት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም፤ ጆሮዬ አሁንም ይጮሃል።

ስመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባው ጠረጴዛውን ተደግፏል። የተመታው ከጎድኑ በታች ነው። መወልወያ ጨርቁን አንስቼ ቁስሉ ላይ ተጫንኩ። ዐይኑ ፊቴ ላይ ነው። ያን ያህል ጊዜ አብሬው ኖሬ ፊት ለፊት እንደዚያ ተያይተን አናውቅም። በመስታወቱ ማዶ አቡ ራሺድ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ከዘራቸው ወድቆ፣ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው “ምያለሁ፣ ምያለሁ” ይላሉ።

አምቡላንስ ወሰደው። እኔን ፖሊስ አስቀረኝ።

መርማሪው ረጋ ያለ ሰው ነበር። በበሩ ካሜራ አይተውታል፤ ጠመንጃው በርሜሉ ላይ እንዳልተከፈተ፣ እኔ ተሸክሜ እንዳስገባሁት ይታያል። ይህንን አልካድኩም፤ ሽማግሌው ስለደከሙ ነው አልኩ። ካሜራው ግን ድምፅ አይቀዳም። በኋላዋ ክፍል ውስጥ ያልነውን ከእኔና ከጉል ኻን ሌላ የሰማ የለም።

“እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መሣሪያው እንዳልታየ ለጠጋኙ ነግረኸዋል?” አለኝ።

ልጆቼ ታዩኝ፣ እስር ቤት ታየኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ቃል እንኳ አልተናገርኩም፤ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። ነግሬዋለሁ እንደማለት።

መርማሪው ጻፈና “እንግዲያ ጥፋቱ የእሱ ነው። ያልታየ መሣሪያ ፊት መቆም አልነበረበትም” አለ። መታወቂያዬን ይዘው ከአገር እንዳልወጣ አስጠንቅቀው ለቀቁኝ።

በሦስት አፍ ዋሽቼ ወጣሁ፤ አንዱን በ“አየሁት”፣ አንዱን በ“ከፍተውታል”፣ አንዱን ያለ ቃል። የመጨረሻዋ ከሁሉም ትከብዳለች። የፊተኞቹ በሞኝነትና በእፍረት ነበሩ፤ ይህችን እያወቅሁ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። ቀዶ ሕክምና አድርገውለት ነቅቷል፤ ዶክተሩ ጉበቱ ተጎድቷል፣ ዛሬና ነገን ካለፈ ነው የሚተርፈው አለኝ። ስለዚህ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ይለፍ። ይለፍና ይስደበኝ።

ፊቱ እንደ ሰም ሆኗል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ንግግሩን የጀመረው እሱ ነው።

“ቻቻ፣ አላየኸውም ነበር።”

“አላየሁትም” አልኩት። አለቀስኩ፤ አልደብቅም።

“ሽማግሌው ማሉልህ?”

“ማሉልኝ።”

ትንሽ የሳቀ መሰለኝ። ያችን ክርክራችንን አስታውሶ ይሆናል። ከዚያ ለፖሊስ ምን እንዳልኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ነግሬዋለሁ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ አልኩት። ዐይኑን ጨፈነ። የጨፈነው በሕመም ነው ብዬ ነርስ ልጠራ ስነሣ እጅጌዬን ያዘኝ።

“ተቀመጥ። እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ነግሮኛል፣ እኔ ቸኩዬ ነው እላለሁ። እኔ ከዳንኩ ምን ያደርጉኛል? አንተ ግን አርጅተሃል፤ እስር አትችልም።”

አይሆንም አልኩት። ግን እንዴት እንዳልኩት ልንገራችሁ፤ እሺ እንዲባል በሚፈልግ ሰው ድምፅ ነው ያልኩት። እሱም ገብቶታል።

ከዓስር ሶላት በኋላ መርማሪው መጣ። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ እሰማለሁ። ጉል ኻን ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ዘበኛው ነግሮኛል፣ የቸኮልኩት እኔ ነኝ አለ። መርማሪው ሲወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ። አጽናናኝ ማለት ነው። ያች እጅ እሳት ነበረች።

ገብቼ ስሰናበተው ያለኝ የመጨረሻው ነገር “ቻቻ፣ ከእንግዲህ ግን እይ” የሚል ነው። ቅዳሜ ከቀትር በፊት ሞተ። አላህ ይማረው። አንድ አልጋ ላይ ከላይና ከታች የኖርን ሰዎች፣ ሲሞት አጠገቡ አልነበርኩም፤ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ።

በማግስቱ ሙዲሩ ሰው ሁሉ ፊት “ኸላስ፣ ተጽፎ አልቋል። ሟቹ ራሱ አምኗል” አለ። ለእኔ ያዘነ መስሎት ነው። ከዚያም ለሌሎቹ ሠራተኞች ሲመክር ሰማሁት፤ እንደ ጉል ኻን አትቸኩሉ፣ ያልታየ መሣሪያ አትንኩ አላቸው። ጉል ኻንን። ጣትህን አስገባ ያለኝን ሰው። በሦስት ቀን ውስጥ የጥንቃቄ ጉድለት ምሳሌ አደረጉት፤ እኔም እዚያው ቆሜ አዳምጣለሁ።

ማክሰኞ ወንድሙ ሬሳውን ሊወስድ መጣ። ታናሹ ነው፤ ድሮ ሳውዲ ሠርቶ ስለነበር አረብኛ ይችላል። ሙዲሩ እኔን አብሬው እንድዞር ላከኝ፤ የሬሳው ወረቀት የሚጨረሰው ዱባይ፣ አል ጋርሁድ፣ እኔ ድሮ ከጠበቅሁት መጋዘን ብዙም በማይርቅ የጭነት ቢሮ ነው። ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተራ እንጠብቃለን። እሱ የፖሊሱን ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ደጋግሞ ያነባል። እጁን አየሁት፤ የጉል ኻን እጅ ነው፣ አውራ ጣቱ ላይ ያለው የሞረድ ጠባሳ ሳይቀር። እሱም ጠመንጃ ጠጋኝ ነው።

“አንድ ነገር አልገባኝም። ልጅ ሆኜ ያልታየ ጠመንጃ ባነሳሁ ጊዜ ጉል በመዶሻው እጀታ ጣቴን መትቶኛል። ይኸው አልቀናም” ብሎ የተጣመመች ጣቱን አሳየኝ። “እሱ ነው ያልታየ ጠመንጃ ፊት ቆመ የሚሉኝ? አባታችን በሕይወት አለ። አይተኛም። ‘ልጄ ሙያውን ረሳው ወይ?’ እያለ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?”

ተራችን ተጠራ። እሱ ሊነሣ ሲል አሁን እኔ እጅጌውን ያዝኩት።

“አልረሳውም። ጠይቆኛል። አየሁት አልኩት” አልኩ።

ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት፤ የመሐላውንም፣ ሽማግሌው ናቸው የከፈቱት ያልኩትንም፣ ለፖሊሱ ራሴን የነቀነቅሁትንም፣ ጉል ኻን ሆስፒታል ሆኖ ያለኝንም። ተራችን አለፈ፤ የሌላ ሰው ስም ተጠራ፣ ያም አለፈ። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመታኝ ጥሩ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን በዝግታ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

“በየጊዜው ሲደውል ስለ አንተ ይነግረን ነበር” አለኝ። ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። “አባታችን አንድ ቀን ‘በሰው አገር፣ መሣሪያ ይዘው በሚገቡ ሰዎች መካከል፣ ጀርባህን ለበር ሰጥተህ እንዴት ትሠራለህ?’ ብሎ ተቆጣው። ጉል ምን አለው መሰለህ? በሩ ላይ ቻቻ አለ አለው።”

ከዚህ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልጨርስ፤ እጄም ደክሟል። እሱ አልለመነኝም፣ እኔም አልዘገየሁም። በዚያው ቀን ወደ ሻርጃ ተመልሰን መርማሪው ዘንድ ገባሁና ቃሌን ለወጥኩ። መርማሪው ብዕሩን አስቀምጦ ብዙ አየኝ። ማንም ሳያስገድድህ ነው? አለ። ነው አልኩ። ወንድምየው ወጥቶ ለአባቱ ደወለ፤ በመስኮት አየዋለሁ። ሲመለስ ጉንጩ ርሷል። አባቱ “ልጄ ሳይጠይቅ አልነካም ማለት ነው” ብለው ደጋግመው አስነግረውት አልቅሰዋል። ስለ እኔ ምን እንዳሉ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ፍርድ ቤት በቆምኩ ጊዜ ግን የደሙን ካሳ ትተናል የሚል በአባትየው አውራ ጣት የተፈረመ ወረቀት ከአገራቸው መጣ። እኔም ፊርማዬ አውራ ጣት የነበረበት ዘመን አለ፤ ያችን አሻራ ጎንበስ ብዬ አየኋት።

የተፈረደብኝን ታስሬ ወጣሁ። አቡ ራሺድ ሁለት ጊዜ ሊጠይቁኝ መጥተዋል። ጠመንጃውን ለፖሊስ ሰጥተው ተገላግለዋል። አባታቸው ሲሞቱ ማንም ሳይነካው ሳጥን ውስጥ እንደገባ፣ ባዶ ነው ያሉትም ስለመሰላቸው ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ውሸታም አልነበሩም፤ ምለው የነገሩኝ የሚያምኑትን ነው። ይህን ሳስብ ነው ነገሩ የሚገባኝ። ያ በርሜል ማንንም ውሸታም ለማለት አልቆመም። እውነተኛ ሰውም ይሳሳታል፣ ለዚያ ነው የቆመው። ጉል ኻን ያን ሁሉ ዓመት ሲነግረኝ የነበረው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ስለ ክብር የሚከራከረኝ መስሎኝ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በተለይ በሰው አገር በር የምትጠብቁ፣ መኪና የምትነዱ፣ የማዳም ልጅ የምታሳድጉ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሽማግሌ አክብሩ፣ እኔም አከብራለሁ። ግን ከኋላችሁ ጀርባውን ሰጥቷችሁ የሚሠራ ሰው አለ። እሱን አታዩትም፤ እሱ ግን በእናንተ ዐይን ነው የሚያየው። ለፊት ለፊቱ ሰው ስታፍሩ የኋላውን ሰው አትርሱት። እኔ አቡ ራሺድን ላላሳፍር ብዬ ጉል ኻንን ቀበርኩ።

ሙዲሩ ተከራክሮልኝ ከአገር አልተባረርኩም። ሱቁ ግን አልተመለስኩም። አሁን አጅማን ውስጥ የአንድ ሕንፃ ናጡር፣ ማለት ዘበኛ ነኝ፤ የምኖረውም ያችው ክፍል ውስጥ ነው። የላይኛው አልጋ ላይ ያ የደሴ ልጅ ገብቶበታል። ከእስር በወጣሁ ሰሞን የቀድሞዎቹ ሰዎች በእኔ ፊት መቀለድ ፈርተው ነበር፤ አሁን ግን ለምደውኛል። ውሃው ተዘግቷል? በሩ ተቆልፏል? ብለው ከጠየቁኝ፣ ራሴ የዘጋሁት ቢሆን እንኳ ሄጄ ሳላይ አልመልስም። እንደ ዕብድ ይቆጥሩኛል፤ ይቁጠሩኝ።

ባለፈው ጁምዓ ልንወጣ ስንል ልጁ ጫማውን እያሰረ “አባባ፣ ጋዙን ዘግተዋል?” አለኝ። ዘግቼው ነበር፤ አውቃለሁ። ቆይ አልኩት። ሁሉም ተያይተው ሳቁ፤ አንደኛው “ጣታቸውን ሊያስገቡ ነው” አለ። ያች ቀልድ የማን እንደሆነች አያውቅም፤ ከእሱ በፊት ከነበሩት ሰምቷት ነው። ወደ ማድቤቱ ተመለስኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በትንሿ ጣቴ ነካ አድርጌ አረጋገጥኩ።

ከዚያ ወጥቼ “አየሁት” አልኩት።